ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቁጥር

ሰኞ

አዲሷ ሠራተኛ ዛሬም ከእኔ ቀድማ ገብታ አገኘኋት። ቀድሞ መግባት እንደ እውቀት የሚቆጠርበት ዘመን ነው። ስሟን አውቀዋለሁ፤ በልቤ ግን ቆቅ ነው የምላት። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ፀሐይ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ከታየች ጠረጴዛዋ በግራፍ ይሸፈናል።

"ጋሼ፣ ፀሐይዋ ሰሞኑን ደህና አይደለችም" አለችኝ።

"ሐኪም ጥሪላት" አልኳት።

የአንቴናው ቴክኒሻን ሳቀ። እሱንም አንቴናው ነው የምንለው፤ ስሙ ከሥራው ይልቅ ለቁመቱ ይስማማል። እሷ አልሳቀችም። ቀልድ የማይገባው ሰው ሒሳብ ይገባዋል ብዬ አላምንም።

ማክሰኞ

ሰማዩን በራዳር ከሚጠብቁት ሰዎች ማስጠንቀቂያ መጣ። አንድ ያረጀ የሮኬት ቀፎ የአሮጊቷን መንገድ በመጪው ሰኞ ያቋርጣል።

አሮጊቷ ሳተላይታችን ናት። ከተወነጨፈች ጀምሮ አብሬያት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ኃላፊ ሆኗል። ወደ ሐይቆችና ወደ ግድቦች የራዲዮ ሞገድ ትልካለች፤ ሞገዱ ነጥሮ ሲመለስ ታደምጣለች፤ ከቆይታው የውሃው ከፍታ ይታወቃል። የእኛ ሥራ ደግሞ እሷ ራሷ የት እንዳለች ማወቅ ነው። የቆመችበትን የማታውቅ የውሃ ልክ ብትናገር ማን ያምናታል።

ሆዷ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ጭላጭ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከመንገድ ዘወር ማለት የማትችል ሳተላይት ሥራ ላይ አትቆይም። ጭላጩ ያለቀ ዕለት እሷ ትዘጋለች፤ እሷ ስትዘጋ ይህ ክፍልም ይዘጋል። ስለዚህ ጭላጩን እጠብቃለሁ። ለራሴ ብዬ አይደለም።

ረቡዕ

ቆቅ ጠዋት ወረቀቷን ታቅፋ መጣች።

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ትንሽ እፍ እናድርጋት" አለች። እፍ ማድረግ የምንለው ሞተሯን ለቅጽበት ማስነሳት ነው። "ዛሬ ጥቂት ከተገፋች ምድርን በዞረች ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ከዘገየን ያንኑ ርቀት ለማግኘት ብዙ ነዳጅ ይበላብናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።"

ይህን ለእኔ። እኔ ይህን ሳስተምር እሷ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር።

ክርክሯ ይህ ነው። ፀሐይ ስትታወክ የላይኛው አየር ይሞቃል፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ኩፍ ያለው አየር አሮጊቷን ይጎትታታል። የተጎተተች ሳተላይት ዝቅ ትላለች፤ ዝቅ ስትል ትፈጥናለች። ምድር ላይ ፍሬን ተይዞ የሚፈጥን ነገር የለም፤ እላይ ግን እንዲህ ነው። ስለዚህ አሮጊቷ እኔ ካልኩት ቦታ ቀድማ ትገኛለች ባይ ናት። ሁሉም የሚንጠለጠለው አየሩ ምን ያህል ይጎትታል በሚለው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ የእኔ ቁጥር ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ዘመን የተወሰደ ነው አለች። በትህትና ነው ያለችው። በትህትና የሚሰነዘር ስድብ በጣም ያስጠላኛል።

ነዳጁን በጠብታ ስቆጥብ የኖርኩት ቆቅ በደነገጠች ቁጥር እፍ እንድትልበት አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ሐሙስ ማታ

ኃላፊያችን ቃሉ አንድ ነው፤ "እንግባባ" ይላል። ሲገባ እንግባባ፣ ሲወጣ እንግባባ። ሠራተኛው ያንኑ ስም አወጣለት። የመጣው ከሒሳብ ክፍል ነው፤ ከገንዘቡ ሒሳብ ማለቴ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል ነበር። አሁን መጠምጠሙ ብቻ ቀርቷል።

የዚህ ክፍል መሥራች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሥርዓት ትቶልን አልፏል። የሆነ ነገር ወደ አሮጊቷ ሲቀርብ ሁለት ሰዎች በየክፍላቸው ገብተው ያሰላሉ። አይነጋገሩም፤ ምሳ እንኳ አብረው አይበሉም። የአየሩን ቁጥር እያንዳንዱ በራሱ ይመርጣል። ሲጨርሱ ወረቀታቸውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይደፋሉ፤ ኃላፊው ይገለብጠዋል። አንድ ከሆነ ይታመናል፤ ከተለያየ ሁለቱም ያኔውኑ እንደገና ይጀምራሉ። ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳቱም ከሚል እምነት የመጣ ነው።

ዛሬ እንግባባ ሁለታችንንም ጠራን።

"ባለፈው ወር ወረቀታችሁ ተለያየና ቀኑ ባከነ" አለ። "ምን ያጣላችኋል? እንግባባ እንጂ። አንቺ የአየሩን ቁጥር ከጋሼ ውሰጂ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ ሥሪው።"

"እንዲያ ከሆነ ሁለተኛው ወረቀት ምን ይሠራል?" አለች ቆቅ።

"ለማረጋገጥ ነዋ።"

"ምኑን?"

"መስማማታችሁን።"

እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የመኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሰው ጎማ ይነፋ ነበር። ይህ ነገር ሥርዓቱን ማፍረስ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስናገር ለእሷ የቆምኩ ይመስላል። ደግሞም ቁጥሬ ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነውን ሁለት ሰው ቢጠቀምበት ማን ይጎዳል።

ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት። ሳታየው አጠፈችው።

ዓርብ

ተደፋ። ተገለበጠ። አንድ ነው። ቀፎው በሰፊው ያልፋል፤ መገፋት አያስፈልጋትም።

እንግባባ አጨበጨበ፤ ለብቻው። ቆቅ ስትወጣ "መስታወት ፊት ቆሞ ሁለት ነን እንደማለት ነው" ብላለች አሉ። ያመጣልኝ አንቴናው ነው። ሰማይ ለመስማት ተቀጥሮ ኮሪደር ይሰማል።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ልጃችን ጋ ሄደን እንኑር የሚለውን ዛሬም አነሳች። የልጅ ልጃችን ያለ ትራስ መቀመጥ ጀምሯል። ሰው መቀመጥ በመጀመሩ የሚደነቅ ከሆነ እንግባባም ሊደነቅ ይገባዋል።

"አሮጊቷን ጥዬ?" አልኳት።

"የትኛዋን?" አለች።

 ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ለቢላዋው። ከዚያ ደግሞ፣ ዞር ሳትል፣ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ የምትጠብቀው እሷን ነው ወንበርህን?"

ስለ ምህዋር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ድካም ነው። ጋዜጣ አነበብኩ። ስለምን እንደሆነ አላስታውስም።

ሰኞ

አለፈ። አልነካትም። እንዳልኩት።

ከሰዓት በኋላ የራዳሮቹ ሰዎች የለኩትን ላኩ። ቀፎው ያለፈው እኛ ካልነው ርቀት ሩብ ያህሉ ላይ ነው፤ አሮጊቷ ከተባለችበት ቀድማ ተገኝታለች ይላሉ። የእነሱም መለኪያ ይሳሳታል። ሁሉም ይሳሳታል። ዋናው አለመነካቷ ነው።

ቆቅ መልእክቱን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። ምንም አልጻፈችበትም። አላሰመረችበትም።

ማክሰኞ

እንግባባ በጠቅላላ ስብሰባ አመሰገነኝ። "መረጋጋትን ከጋሼ እንማር" አለ። ሰው ሳይገባው ሲያመሰግን ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ምን ዓይነት ነው እያልኩ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ቆቅ ሁለት ጊዜ አጨበጨበችና እጇን ኪሷ ከተተች።

በኋላ አንቴናው ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ጋሼ፣ አሮጊቷን ምን ነካት? ከሰንጠረዡ ቀድማ ከአድማስ ብቅ ማለት ጀምራለች። ምሳዬን ሳላላምጥ ነው እየዋጥኩ የምሮጠው።"

"ሰዓትህን አስተካክል።"

"ሰዓቱ መቼ የእኔ ሆነ፤ ማሽኑ ራሱ ነው የሚሞላው።"

"እንግዲያው ምሳህን ቶሎ ብላ" አልኩት።

እንዲህ ያለ ሰው ሲበዛ ቤቱ ወሬ ቤት ይሆናል።

ሐሙስ

ቀፎው ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ መንገዳቸው እንደገና ይገናኛል። በአንድ አደባባይ ዙሪያ የሚዞሩ ሁለት መኪናዎች አንድ ጊዜ ተላልፈናል ብለው ተሰነባብተው አይሄዱም። የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ቆቅ ቁጥሬን አልወስድም አለች። ኃላፊው ቢሮ፣ እኔ ባለሁበት።

"በራሴ ቁጥር ካልሆነ ወረቀት አልደፋም።"

"እህቴ፣ እንግባባ እንጂ" አለ እንግባባ።

"ተግባብተናል ጌታዬ። እርስዎ ያሉት በደንብ ገብቶኛል። አልስማማም ነው ያልኩት።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ሕፃናት መሀል ዳኛ ሆኜ ልቀመጥ ነው። "እንደፈለገች ታድርግ" አልኩ። ይህን ያልኩት ንቄ ነው። እሷ ግን "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለች፤ ንቀትን ከደግነት መለየት እንኳ አትችልም።

ዓርብ ማታ

ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ፣ ለመሳቂያ ያህል፣ አንድ ጊዜ በእሷ ቁጥር አሰላሁት። ቁጥሯን ከየት እንዳመጣሁት ለሚጠይቅ፣ ግራፎቿን ማተሚያው ላይ ትታቸው ትሄዳለች፤ ዝርክርክ ናት።

ውጤቱን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

አሮጊቷ ከአድማስ ብቅ የምትልበትን ጊዜም አወጣሁ። አንቴናው ምሳውን ሳያላምጥ የሚውጥበት ጊዜ ነው። አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ሁልጊዜ ለሞኝ ያደላል።

እራት አልበላሁም። ባለቤቴ "ምን ሆንክ?" አለች። ሆዴን ነው አልኳት። ሰሃኑን አንስታ "ሆድህ ውስጥ ያለውን ተናገረው እንጂ አትዋጠው" አለች። ሴትዮዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስለ ሰው ሆድ አዋቂ ሆናለች።

እሑድ

መነጽሬን ረስቼ ወደ ቢሮ ልሂድ ስል ባለቤቴ መነጽሩን ከግንባሬ ላይ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

ቆቅም አለች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰብስባ፣ ከስክሪኑ ጋር ታወራለች። "በርሽን ዝጊ" አልኳት። ዘጋችው። እኔም የእኔን ዘጋሁ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ሁለቱ አይነጋገሩም።

በድሮው ቁጥሬ እንደገና አሰላሁ። በሰፊው ያልፋል። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሦስቴም በሰፊው አለፈ።

ሰኞ

ተደፋ። ተገለበጠ።

የእሷ፦ ዛሬውኑ ጥቂት ትገፋ። የእኔ፦ ይጠበቅ።

እንግባባ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ እንደ ተጣሉ ልጆች አያቸው። በሥርዓቱ ዛሬውኑ እንደገና መጀመር ነበረብን። እሱ ግን "ሰከን እንበል፤ እስከ ረቡዕ እንነጋገርበት" አለ። ደግሞ መነጋገር።

"ዛሬ አንድ ማንኪያ ነው የሚፈልገው" አለች ቆቅ። "ረቡዕ ከሆነ ማሰሮ ሙሉ ይፈልጋል።"

"ጋሼ ምን ይላሉ?"

"ከተገፋች በኋላ መልሶ ማጠራቀም የለም" አልኩ። እውነት ነው። ማንም ይህን ሊክድ አይችልም።

ኮሪደር ላይ ከኋላዬ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ያውቁታል" አለች።

"እኔ የማውቀውን አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

"አይደለም" አለች። "ዓርብ ዕለት ማተሚያው ላይ የተውኩትን ወረቀት በጀርባው ተገልብጦ ነው ያገኘሁት።"

ሥራ ትታ ወረቀት የተገለበጠበትን የምትቆጥር ሠራተኛ። ምን ይባላል። ደረጃውን ወረድኩ።

ማክሰኞ

ፀሐይዋ ለየላት። ሬዲዮው እንደ መጥበሻ ይንጨረጨራል፤ የአሮጊቷ ድምፅ በመሀል እየተቆረጠ ይመጣል። አንቴናው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "ዛሬስ እየቀደመች ሳይሆን እየሮጠች ነው" አለ። ማንም አልሳቀም። እኔን ጨምሮ።

ረቡዕ

ጠዋት። የአየሩን ቁጥር ጥቂት አሻሻልኩት። ላሻሽለው ካሰብኩ ቆይቻለሁ።

ዘወር ካላለች ይመታታል። ማለት፣ ሊመታት ይችላል።

ለእንግባባ ነገርኩት። "ተግባባችሁ ማለት ነው?" አለኝ። ፊቱ በራ። ሰማዩ ቢደረመስ እንኳ ተስማምተን ከሆነ ደስ ይለዋል።

ምን ያህል? ያለው ሁሉ። የቀረው ጭላጭ ሁሉ። ሌላ የለም።

ቆቅ ትእዛዙን አዘጋጅታ ጨርሳለች። መቼ አዘጋጀችው? አንብቤ አረጋገጥኩ። የሚነቀፍ ነገር ፈለግኩበት፤ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ። አንቴናው ላከ። አሮጊቷ ተቀበለች። ከዚያ ከምድር ጀርባ ዞረች፤ ድምፅ የለም። መጠበቅ ብቻ። እንግባባ ለሁሉም ሻይ አዘዘ፤ ሰርግ ይመስል።

ስትመለስ ድምጿ መጣ። ቀጠን ብሎ ጀመረ፤ በላያችን ሲያልፍ እየወፈረ ሄደ። ከፍ ብላለች። የነዳጅ ቋቷ ደርቋል።

ሐሙስ ማታ

ቀፎው አለፈ፤ በጣም ርቆ። ሰዎቹ ተቃቀፉ። አንቴናው ቆቅን ከመሬት አነሳት። እንግባባ ስልክ ላይ "አድነናታል" ይላል። ምኗን ነው ያዳኑት? መሸሽ የማትችል ሳተላይት ደንቡ ምን እንደሚላት ከእኔ በቀር ያነበበ የለም።

ትናንት ማሰሮ ሙሉ ያፈሰስነውን ሰኞ በማንኪያ እንጨርሰው ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ለዚያ መልስ አለኝ። ሰኞ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ቆቅ እርግጠኛ ነበረች፤ ግን ቆቅ ሁልጊዜ እርግጠኛ ናት። ሁልጊዜ የሚጮህ ደወል አንድ ቀን እሳት ቢነሳ ደወሉ አወቀ አይባልም።

ባለቤቴ ሁለት ሻንጣ አልጋው ላይ ዘርግታለች። አንደኛው ባዶ ነው።  አልጋውን የያዘው ባዶው ነው፤ ጥግ ላይ ተኛሁ።

ሰኞ

የሳተላይቷ ባለቤቶች ሦስት ሰው ልከው ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ። መሀል የተቀመጠችው ሴት ሰነዱን ያነበበች ናት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያነበበ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ" አለች። "ባለፈው ሰኞ ብትገፋ ኖሮ ነዳጁ ይተርፍ ነበር?"

እንግባባ እኔን አየኝ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። አፌን ስከፍት ቆቅ ቀደመችኝ።

"ሰኞ የነበረው መረጃ ለውሳኔ አይበቃም ነበር" አለች። "ማክሰኞ ፀሐይዋ ስትታወክ ነው የለየለት።"

ውሸት ነው። የሰኞ ወረቀቷ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሴትዮዋ ክንድ ሥር ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየችው፤ ቆቅን አየች፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ እኔን አየች። የእኔን መልስ ጠበቀች መሰለኝ። ውሃ ጠጣሁ። ሰነዱን ዘጋችው።

ማን ለመናት? ይህን ነው የማልረዳው። ጎረምሳ ሽማግሌን መንገድ ሲያሻግር እንደሚያደርገው ክንዴን ያዘች፤ መንገድ መሻገር እፈልግ እንደሆነ ሳትጠይቅ። ብትከሰኝ መልስ ነበረኝ። ለሁሉም ክስ መልስ ነበረኝ። ለዚህ የለኝም። ሰው የሚታዘንለት ሲወድቅ ነው፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር።

እንግባባ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ፀሐይን ማን ይከሳታል" አለኝ። ሰውየው አምኖታል። ከሁሉም የሚያናድደው እሱ ማመኑ ነው።

ረቡዕ

ውሳኔው መጣ። አሮጊቷ በወሩ መጨረሻ ትዘጋለች። ክፍሉም። እንግባባ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አድጓል፤ እዚያም ይግባቡ።

ለቆቅ የማንም ከለላ እንደማያስፈልገኝ ልነግራት ተነሳሁ። የምለውን ደረጃው ላይ ቃል በቃል አዘጋጀሁ። በሯ ክፍት ነበር።

"ጋሼ፣ ደህና መጡ፤ ልፈልግዎት ነበር" አለች። የመጨረሻውን ሪፖርት እየሠራች ነው፤ አሮጊቷ ከተዘጋች በኋላ ምን ያህል ቆይታ አየር ውስጥ ገብታ እንደምትወድቅ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ አናት ላይ የእኔ የድሮው ቁጥር፣ ሌላው አናት ላይ የእሷ።

"በእርስዎ ከሄድን ብዙ ዓመት ትቆያለች" አለች። "በእኔ ቶሎ ትወርዳለች። ባለቤቶቹ የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የእርስዎን ባደርገው እኮ የሚጠይቅ የለም ጋሼ፤ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል።"

እያሾፈች እንደሆነ ፊቷን አየሁ። አታሾፍም። ልትሰጠኝ ነው የፈለገችው፤ ዓመታቱን።

ዓምዶቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። የእሷ ንጹሕ ሥራ ነው። እኔ ባስተምራት ኖሮ ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር።

"የአንቺን አድርጊ" አልኳት። "የሆነ ቀን ሰው ጣሪያ ላይ ሊወርድ የሚችል ብረት ነው። ሽማግሌ ለማስደሰት አይሰላም።"

ቀና ብላ አላየችኝም። የእኔን ዓምድ አጠፋችው። አተመችው፤ ፈረመችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። የመጨረሻ ሪፖርት ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የላይኛው መስመር ሁልጊዜ የእኔ ነበር። እሷ ሳታውቅ እዚያ ላይ ነው የፈረመችው።

ከሥሯ ፈረምኩ።